የቢጫው ጀሪካን ሙከራ

ለምናፍቅሽ እህቴ ሶልያና፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ከነጎረቤቱ ደህና ነን።

ፊዚክስ ላይ ስለ እንቅስቃሴ መማር ጀምረናል። መምህራችን «ሹፌሩ ፍሬን እስኪይዝና መኪናው እስኪቆም ምን ያህል እንደሚሄድ ለክታችሁ አምጡ» ስላሉን፣ አባዬ እየነዳ በባጃጁ ቱላ መንገድ ላይ ሞከርን። መጀመሪያ «ቁም!» ብዬ ስጮህ ወዲያው ቀጥ አለ። ቀጥዬ ቢጫ ጀሪካን መሀል መንገድ አስቀምጬ «ስታየው ፍሬን ያዝ» አልኩት። ጀሪካኑን ጨፈለቅነው።

አባዬ እየሳቀ «የፍሬኑ ሸራ አልቋል» አለኝ። የጋራዡ ሰውዬ ግን ሸራው አዲስ ነው ይላል። ለመምህሩ የጻፍኩላቸው የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ ነው፤ አስር ከአስር ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ጠብቆ ከጎኑ ያስቀምጠኛል። ሰው ሲጠይቀው «ፊዚክሷን እያጠናች ነው» ይላል። እኔም ጮክ ብዬ አጠናለታለሁ፦ «ጉድጓድ አለ፣ ፍየል እየገባች ነው፣ በቀኝ ተሳፋሪ እጁን ዘርግቷል።» ለእማዬ አልነገርናትም።

ሁሉም ስምሽን እየጠሩ ሰላም ብለውሻል። ጌታ በደህና ያገናኘን። ለፋሲካ ስትመጪ ግን መናኸሪያው በር ላይ ቆመሽ እጅሽን አታውለብልቢለት፤ ጮክ ብለሽ «አባዬ» በዪው።

እህትሽ ሐዳሳ፣ ከሀዋሳ