የጸሎት ቤታችን ጣራ ላብ

በየብስና በባሕር ማዶ ያሉትን ልጆቹን በአንድ ዐይን በሚጠብቅ አምላክ ስም።

ለተወደድሽው እህቴ ለኦኩሊና፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ፣ ከልጅሽ ከማውራና ገና ካላየኋት የልጅ ልጅሽ ጋር ይሁን። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የአውስትራሊያ ሙቀት አልከበደሽም? እኔ ወንድምሽ፣ እርጅና ዐይኔን ቢያደክመውም ዳዊት ከመድገም አላገደኝምና ስሙ ይመስገን።

በደብዳቤሽ፣ የሕፃኗን ጥምቀት በነቢዩ ኤልያስ በዓል አባታችን በሠራው ጸሎት ቤት ለማድረግ እንዳሰብሽ፣ ነገር ግን ጣራው ሊወድቅ ነው መባሉን ሰምተሽ እንደተጨነቅሽ ጽፈሻል። የሰማሽው ከንቱ ወሬ አልነበረም። የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ከኮርኒሱ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር፤ የሰበካ ጉባኤውም ቤቱን ዘግቶ ሥዕላቱን ወደ ከተማ ሊወስድ አሰበ።

ጣራ ሠሪው ቴፓና ክዳኑን ደጋግሞ ጠገነ፤ ጠብታው ግን አልቆመም። «ጋሼ ሚህካሊ፣ እንግዲህ የቀረኝ ሰማዩን መለበድ ነው!» ሲል ተማረረ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ውሃው የሚወርደው ዝናብም በክዳኑ ላይ የሚቀልጥ በረዶም በሌለበት፣ ፀሐይ በወጣችበት ጠዋት ነበር። ምድሩ ደርቆ ፀምሩ ብቻ የራሰበት የጌዴዎን ነገር ትዝ አለኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ፋኖስ ይዘን ከኮርኒሱ በላይ ወጣን።

የክዳኑ ጣውላ ከውስጥ በኩል ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ውሃው ከእኛው የወጣ ነበር! መንደራችን ቅዳሜ ሳውና ገብቶ፣ ጠጉሩ ሳይደርቅ ለዋዜማ ጸሎት እንደሚቆም ታውቂያለሽ። እንፋሎቱና ትንፋሻችን በመቅረዙ ሰንሰለት ቀዳዳ ሽቅብ እየወጣ፣ ቀዝቃዛውን ጣውላ ሲነካ ውርጭ ይሆናል፤ ፀሐይ ስታሞቀው ይንጠባጠባል። አባታችን በክዳኑ ግርጌ የነፋስ መውጫ የተወው ለዚሁ ነበር፤ መንደርተኛው ግን ነፋሱ ሻማ ያጠፋብናል ብሎ በጨርቅ ወትፎታል። እኛም መውጫዎቹን ከፈትን፤ የኮርኒሱን ቀዳዳና ስንጥቅ ከሞቃቱ ወገን፣ ከታች፣ አጥብቀን ደፈንን።

ከሁሉ የከበደው የሳውናው ነገር ነበር። ከጸሎት በኋላ ታጠቡ ብል እማማ ፓላጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እግዜር ፊት ከነላቤ ልቁም ነው የምትለኝ? ጣራህ ይራስ እንጂ እኔ አልቆሽሽም!» ብለው ተቆጡ። «እንግዲያው በጠዋት ታጥበው፣ ጠጉርዎ ደርቆ ይምጡ» አልኳቸው። «በጠዋትማ ላሞቼን ማን ያልብልኛል? አንተ?» ቴፓና ቀበል አድርጎ፣ «እኔ አልባለሁ እማማ፤ እዚህ ጣራ ላይ ከመመላለስ የላም ርግጫ ይሻለኛል» ቢል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም እየሳቁ እሺ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብርዱም ፀሐዩም ተፈራርቆበት ኮርኒሱ ደረቅ ነው። የጉባኤው ሰዎች መጥተው መረመሩና፣ የበሰበሰው ጣውላ ብቻ ተለውጦ ቤቱ ክፍት እንዲሆን ወሰኑ። ስለዚህ አትጠራጠሪ፤ ሕፃኗን ይዘሽ ነይ። በአባታችን ጣራ ሥር ከካህኑ እጅ ከሚፈሰው በቀር ሌላ ውሃ አይነካትም።

ማውራን በጉንጯ ሳሚልኝ፤ ለባሏ ለዮርማ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ሕፃኗን በግንባሯ አማትቢልኝ። የአባቶቻችን አምላክ መንገዳችሁን ያቅና፤ ቤታችሁን በሰላም ያጽና፤ በረከቱ አይለያችሁ፤ አሜን።

ወንድምሽ ሚህካሊ
ኢሎማንትሲ፣ ፊንላንድ
ሚያዝያ 20 ቀን 1974