ስለ እትዬ ቆይ ዕረፍትና ጭቃ ስላልነካቸው ቦት ጫማዎች ከሠራተኞች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የከተማ ልማት ብድር ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ማኅበር፣ በመላው ሠራተኛ ዘንድ «እትዬ ቆይ» በመባል የሚታወቁት የአካባቢና የማኅበራዊ ደኅንነት መርማሪያችን ባለፈው ሳምንት በሞት የተለዩን መሆኑን የሚያስታውቀው ልቡ በሀዘን ተሰብሮ ነው። ግን ሀዘን ብቻ አይደለም። አልዋጥ ያለን ነገር አለ፤ እሱንም ሆድ ይፍጀው ብለን አናልፈውም።

እትዬ ቆይ ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጡት ገና በወጣትነታቸው ነው። ሥራቸው በብድር የሚሠራ መንገድም ሆነ ድልድይ ሰውንና አካባቢን የማይጎዳ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። እሳቸው ካልፈረሙ አበዳሪው ገንዘቡን አይለቅም። አለቃ እየተጣደፈ ሲመጣባቸው «ቆይ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉ ነበርና ስሙ በዚያው ጸና። እሳቸውም ወደውት ነበር።

ገበያው በታደሰበት ዓመት፣ ቆሻሻ ውሃ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ እንዲወርድ የተነደፈውን ቦይ አስቀይረዋል። መሐንዲሱ አኩርፎ ሰላምታ ነሥቷቸው ከረመ፤ በኋላ ግን የገዛ ልጁን እዚያው ትምህርት ቤት አስገባ።

የአውቶቡስ መናኸሪያው በተሠራ ጊዜ፣ ተነሺዎች ምትክ ቤት ሳያገኙ አንድም ግድግዳ እንዳይነካ አድርገዋል። ልማዳቸውን የማያውቅ የለም። ምትክ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ቧንቧ ከፍተው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይፈርሙም ነበር። «ስዕሉ ላይ ያለ ቧንቧ ልጅ አያጥብም» ይሉ ነበር።

ባለፈው ክረምት የወንዝ ዳሩ መንገድ ሥራ መጣ። መንገዱ የሚያልፍባቸው የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ከከተማው ጫፍ ወደተሠሩት አዲስ ቤቶች እንዲዛወሩ ታቀደ። እትዬ ቆይ ሄደው ቧንቧውን ቢከፍቱት ፉጨት እንጂ ውሃ አልወጣም። ስለዚህ አልፈርምም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ቢለምኑም ቢቆጡም ንቅንቅ አላሉም።

አሁን ወደ ሞታቸው እንምጣ። በሥራ አስኪያጁ ስም የተለጠፈው ማስታወቂያ «በመሥሪያ ቤቱ መኪና ለመስክ ሥራ ወንዝ ዳር ወጥተው፣ ጭቃ አንሸራትቷቸው ወድቀው አረፉ» ይላል። ሾፌራቸው ለቅሶ ቤት ያሉን ግን ሌላ ነው፦ «የምን መኪና? መኪናዋ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ነበረች!»

ቦት ጫማዎቻቸውም ጠረጴዛቸው ሥር፣ እንደ ወትሮው ታጥበው፣ ደርቀው ተገኝተዋል። ሰው ይረሳል ይባል ይሆናል። እሳቸው? በጠራራ ፀሐይ እንኳ ያለ ቦት ጫማ መስክ ረግጠው የማያውቁ ሴት፣ በዝናብ ቀን ረሱት? ይህን ማስታወቂያ የጻፈ ሰው እትዬ ቆይን አያውቃቸውም፤ ወይም እኛ የማናውቃቸው መስሎታል።

እኛ ቀብር ላይ ቆመን ሳለ፣ በምትካቸው የተወከሉት ባልደረባ የወንዝ ዳሩን ፈቃድ ፈረሙ። ወይ ጉድ! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! በማግስቱ የነዋሪዎቹ በሮች ላይ የማፍረሻው ቀይ ምልክት ተቀባ። ማንንም አልወነጀልንም። እሳት ሳይኖር ጭስ አይወጣም የሚባለውን ግን እኛም ሰምተናል።

ማኅበራችን ለታናሽ እህታቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና «እናታችን» እያሉ ለቀበሯቸው የወንዝ ዳር ነዋሪዎች መጽናናትን ይመኛል። ቦት ጫማዎቹን ልናስረክብ ስንሄድ እህታቸው እያለቀሱ «እንዴት እንደሞተች ሳይነገረኝ አልቀበልም፤ እናንተው ዘንድ ይቀመጡ» ብለውናል። አደራቸውን ተቀብለናል።

ሥራ አስኪያጁ በጋራ የሀዘን መግለጫ ላይ እንድንፈርም ጠይቀውን እንቢ ብለናል። የሞታቸው ምክንያት ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ በሆነ አካል እስኪጣራ ድረስም ወንዝ ዳር አንድም ቤት እንዳይፈርስ እንጠይቃለን።

በምትካቸው የፈረሙት ባልደረባም ፊርማቸው ንጹሕ ከሆነ፣ ቦታው ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ ጋር ወደ አዲሶቹ ቤቶች ይምጡ። የእትዬ ቆይ እህትና ነዋሪዎቹ ባሉበት ቧንቧውን ይክፈቱና እጃቸውን ይታጠቡልን።