የትዕግሥት ስልክ እና የእኔ «ሃደር»

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ፉርን ኤል ሸባክ

በመላው ቤሩት ከእኔ በላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሐበሻ የለም። እሺ፣ በዚህ ሕንፃ ልበል።

ዛሬ ታች ያለችው ፀጉር ሠሪ ትዕግሥት ስልኬ አልነሳ አለ ብላ ጠራችኝ። ዳሒዬ ሰፈር በቦምብ ሲደበደብ የሞተችው እህቷ የላከችላት ድምፅ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። በላፕቶፕሽ ፕሮግራም ጭኜ አወጣልሻለሁ አልኳት።

«አንተ? ገና ሀሁን ዘንድሮ የጨረስክ!»

«ያላ እህቴ፣ አርፈሽ እዪ።»

ዊንዶውሱ አሮጌ ነው፤ ፕሮግራሙ አልጫንም አለ። አጥፍቼ አስነሳሁት። ቦታው መሙላቱን በቀይ ሲያሳየኝ ፊልሞቿን ደመሰስኩ። ተጫነ! ስልኩን በገመድ ሳገናኘው በእንግሊዝኛ ይጠይቀኝ ጀመር። እንግሊዝኛ ደግሞ የማታ ትምህርታችን ገና አልደረሰበትም፤ የማውቀው «የስ»ን ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አሠሪዬ ሙስዩ ያለኝን ሁሉ «ሃደር»፣ እሺ ጌታዬ፣ እያልኩ በር የጠበቅኩ ሰው ነኝ፤ ስጠየቅ እምቢ ማለት አላውቅም። በጠየቀኝ ቁጥር «የስ»ን ተጫንኩ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለካ ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ የሚል ነበር።

ስልኩ ተነሳ። ከሱቅ እንደወጣ አዲስ ስልክ ቋንቋ ምረጡ አለ። ትዕግሥት ተቀብላኝ የእህቷን ድምፅ ፈለገች፣ ፈለገች።

«ኸላስ? አለቀ? ሁሉም?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምንም አይደል ወንድሜ፣ ልትረዳኝ ብለህ ነው» አለችና ሳቀች።

መሳቋ ውሸት ነው። እዚህ ማስታወሻ ላይ እኔ ነኝ የጨመርኩት።