ሳታውቅ ያዋሰችው ዓመት

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

በሩን ሦስቴ ሄጄ አየሁት። ተቆልፏል። ባለቤቴ ሰናይት ሺፍት ገብታለች፣ ሶልያና ት/ቤት ናት። የምንኖርበት ቴምፕል ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ከበረዶ በቀር በራችንን የሚነካ የለም። ሰናይት በዚህ ነገሬ ትስቃለች። ምን ላድርግ፣ የአሥር ዓመት ልማድ በአምስት ሳምንት አይለቅም። ጆበርግ ሱቃችን አራት ቁልፍ ነበረው። ከቁልፉ በኋላ የብረት ፍርግርግ፣ ከፍርግርጉ ኋላ እኔና ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ሙሄ፣ ከእኛ ኋላ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ብርድ ልብስ።

ውጪ ከዜሮ በታች 24። ብርድ ልብስ ስሸጥ የኖርኩት የተሳሳተ አገር ነው።

ሥራ ገና አላገኘሁም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና በሚቀጥለው ወር። እስከዚያ ዕቃ አጥባለሁ፣ በረዶ እጠርጋለሁ፣ አንተ ላይ እጽፋለሁ ማስታወሻዬ።

ሶልያና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወደ ደ/አፍሪካ ስሄድ እናቷ እርጉዝ ነበረች። ልጄን በአካል ያየኋት የዛሬ አምስት ሳምንት፣ ኤርፖርት ነው። እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። እስካሁን «ብርሃኑ» ነው የምትለኝ። በትህትና። የሚከብደኝ ትህትናዋ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 14፣ 12 ሰዓት

ዛሬ አሳቅኳት።

ዳቦ ልንገዛ በእግር ወጣን። መንገድ ልንሻገር ስንል «ቁሚ፣ ሮቦቱ ቀይ ነው» አልኳት። ዞር ዞር ብላ ፈለገች። «ዌይት፣ ሮቦት? የታለ?» የትራፊክ መብራቱን አሳየኋት። ጆበርግ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው፣ እኔም ሌላ ስም እንዳለው ረስቻለሁ። በረዶው ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች።

ከዚያ ሌላ ንገረኝ አለች። ታክሲ እንዴት እንደምንይዝ ነገርኳት። ሚኒባሱ ላይ የሚሄድበት አልተጻፈም፣ በእጅ ምልክት ነው። ጣትህን ወደ ላይ ካደረግህ መሀል ከተማ። ወደ ታች ካደረግህ ቅርብ ነው የምወርደው። ኦክቶበር ሲገባ ዛፎቹ ሐምራዊ አበባ እንደሚያረግፉ፣ አስፋልቱም ሐምራዊ እንደሚሆን። ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድ መጥቶ የሱቃችን ቆርቆሮ እንደሚንቀጠቀጥ። መብራት ሲጠፋ ከጎናችን ፀጉር የምትሠራው ሴት ሻማ ይዛ ወደ እኛ እንደምትመጣ፣ ሦስታችን አንድ ሻማ ከብበን እንደምናወራ።

እስከ ቤት ድረስ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ሄደች። መኪናዎቹ ግራ ገባቸው።

እሑድ፣ ጥር 17፣ ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰናይት እህት ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ መጥታ አብረን ምሳ በላን። ክፋት የላትም፣ ጨዋታ አንስታ ነው። ሶልያና ስድስት ዓመቷ ላይ አባትሽ ሊመጣ ነው ሲሏት ሥዕሌን ሥላ መስኮቱ ላይ ለጥፋ ነበር አሉ። ፊቴን ወደ ውጪ አዙራ፣ ስመጣ እንዳየው። በጋው እስኪያልፍ አላነሳችውም። ሰናይት ወሬውን ቀየረች። እኔ ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

እውነቱን ላንተ ልጻፍልህ። ለማንም አልተናገርኩም።

የዚያን ጊዜ ቪዛዬ ወጥቶ ነበር። በእጄ ነበር። ልመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ጋሽ ሙሄ ሱቅ ውስጥ ወደቁ። ስትሮክ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸው ተያዘ።

ጋሽ ሙሄ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ጆበርግ የገባሁ ዕለት ሻንጣዬን ተዘርፌ መንገድ ዳር ስቆም አይተው፣ ስሜን ሳይጠይቁ ቤታቸው ወሰዱኝ። ፍራሻቸውን ለቀው እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተኙ። ሥራውንም ቋንቋውንም ያስተማሩኝ እሳቸው። በእኔ ጾም እሳቸው ሽሮ ይሠሩልኛል፣ በረመዳን እኔ የማፍጠሪያ ሾርባ እሠራለሁ። ከእኔ በቀር እዚያ አገር ሰው የላቸውም። አገራቸው እንዳልልካቸው የመኖሪያ ወረቀታቸው የተበላሸ ነው። እስኪስተካከል አንድ ዓመት ፈጀ።

ያን ዓመት አጠብኳቸው፣ አበላኋቸው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ሐኪም ቤት በጀርባዬ አዝዬ አወርዳቸዋለሁ። ቪዛዬ ተቃጠለ። ለሰናይት ፋይሉ ጠፋ፣ እንደገና ጀምሩ አሉኝ አልኳት። አመነችኝ። ፎርሙን ሁሉ እንደገና ሞላች፣ ሌላው ቪዛ እስኪወጣም ዓመታት አለፉ።

ሌላም ውሸት አለ። ጋሽ ሙሄ «ሂድ፣ ልጅህ ጋ ሂድ» እያሉ ምግብ እምቢ አሉ። ሦስት ቀን። ያኔ ሰናይት ናት ቆይ ያለችኝ አልኳቸው። በእሷ ስም ማልኩ። በሉ።

አሁን ለውጥ አላቸው፣ ኮምቦልቻ ልጆቻቸው ጋ ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 20፣ 11 ሰዓት

ሁሉም ነገር ወጣ።

ዕቃ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። እጄ አረፋ ነው፣ ሰናይት አነሳችልኝ። ጋሽ ሙሄ ናቸው፣ በቪዲዮ። አንደበታቸው ገና ይዘገያል።

«ሰናይት... አንቺ ነሽ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ። እንደምን ነዎት?»

«ባልሽን... ዓመት ሙሉ... አዋስሽኝ። ልጅሽን እያባበልሽ... አዋስሽኝ። አላህ... ይክፈልሽ።»

ዞራ አየችኝ። ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ውኃው ይፈስሳል።

«ምንም አይደለም ጋሼ» አለች። «እንኳን ተሻለዎት።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ምግብ ይበላሉ ወይ፣ በከዘራ ይሄዳሉ ወይ ብላ ሁሉ ጠየቀቻቸው። ተሰናብታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። የትኛው ዓመት ነው አለች። ነገርኳት። ሁሉንም፣ እጄን ሳልጠርግ። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። መኪናዋን አስነስታ እዚያው ፓርክ ባደረገችበት አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። በመስኮት አያታለሁ። ልውጣ? አልወጣሁም።

አርብ፣ ጥር 22

አታናግረኝም። ምሳዬን ታስቀምጥልኛለች፣ ግን አታናግረኝም።

ሺኑክ ገብቷል። ሞቅ ያለ ነፋስ፣ ጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ሰው በሹራብ ወጥቷል። እኔ ውስጤ በረዶ።

የጆበርግ ጓደኛዬ ደወለ። ሱቁ እንዳለ ነው፣ ከከፋህ ተመለስ አለኝ። ወዲያው እምቢ አላልኩም። ይሄንንም ጻፍልኝ።

እሑድ፣ ጥር 24፣ 10 ሰዓት

ሰናይት ከሥራ ገባች። የምትሠራው አረጋውያን መኖሪያ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አዛውንት ስታነሳ ስታጥብ ነው የምትውለው። ሶፋው ላይ ቁጭ አለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። ከአራት ቀን በኋላ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

«ጀርባቸው ቆስሎ ነበር?»

«የማን?»

«የጋሽ ሙሄ። ተኝተው ሲከርሙ።»

«አልቆሰለም።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ።»

በየስንት ሰዓቱ ታገላብጣቸው ነበር አለች። በየሁለት ሰዓቱ፣ ስልኬ ላይ ደወል ሞልቼ፣ ቀን ቀን ከሱቅ እየሮጥኩ ፎቁን እወጣለሁ አልኳት። እኛ ጋ ነርስ እያለ፣ ማሽን እያለ በወሩ የሚቆስል አለ አለች። ከዚያ እግሯን ጭኔ ላይ አደረገችው። ጫማዋን ፈታሁላት። ካልሲዋ እርጥብ ነበር።

«ብትነግረኝ ና እልህ ነበር» አለች። «እለምንህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለዚህ ነው ያልነገርከኝ።»

«አዎ።»

«እሱን ገና አልተውኩልህም፣ ብርሃኑ።»

እግሯን ግን አላነሳችም። ለሶልያና አንተ ራስህ ንገራት፣ እኔ አልነግርልህም አለችኝ።

ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። አልመለስም አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 26፣ 12 ሰዓት

ነገርኳት። ወጥ ቤት፣ የቤት ሥራዋን ስትጨርስ። የእኔ እንግሊዝኛና የእሷ አማርኛ እየተደጋገፉ። ስለ ጋሽ ሙሄ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ቪዛው። እርሳሷን ይዛ ሰማችኝ።

«ሶ... መምጣት ትችል ነበር?»

«እችል ነበር።»

«ባት አልመጣህም።»

«አልመጣሁም።»

እሳቸው ልጆች የላቸውም ወይ አለች። አሏቸው፣ ግን ሩቅ ናቸው፣ የሚያነሳቸው እኔ ብቻ ነበርኩ አልኩ። አሰበች። እኔም እጠብቅህ ነበር አለች። አዎ፣ አንቺም ትጠብቂኝ ነበር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ደብተሯን ሰብስባ ክፍሏ ገባች። በሩን ወርውራ አልዘጋችውም። ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 27፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል

ቅዝቃዜው ተመልሷል።

ጠዋት ሶልያና ቦቲዋን ስታስር አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሌላ ጊዜ ከት/ቤት የምታመጣት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናት፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር። ሶልያና ቀና ሳትል፣ ለቦቲው ይመስል ተናገረች። ዛሬ እትዬ እንዳትመጣ ንገራት፣ አንተ ና።

«እኔ?»

«የምንወጣው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነው። እንዳትዘገይ፣ ኦኬ?»

አልዘገይም አልኩ። አየችኝ። ልታምነኝ የፈለገች መሰለኝ፣ ግን አልጨረሰችውም። ሮጣ ወጣች።

እትዬ አልማዝ ጋ ደውያለሁ። ሰናይትም በእረፍቷ ደወለች፣ መንገዱን ታውቀዋለህ ወይ ለማለት። አውቀዋለሁ። በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ካፖርቴን ለብሻለሁ፣ ጓንቴን አንዱን አጥልቄ በሌላው እጄ ነው የምጽፈው። ገና አንድ ሰዓት ከአርባ አለኝ። ከዜሮ በታች 19 ነው፣ ይሁን። ሄጄ ት/ቤቱ ደጅ ላይ እቆማለሁ።