የእናትሽ አንገት

ረቡዕ፣ ኅዳር 19። ፍኖተ ሰላም

ስመኝ፣ ከሁሉ በፊት ልታውቂው የሚገባሽ ይህ ነው፦ እናትሽ ሠርግሽ ላይ አልገኝም ብላለች። ተቆጥታ አይደለም፤ ረጋ ብላ ነው። እኔን አጎትሽን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ነገሩ የመጣው ከላክሽላት ሻርፕ ጋር ነው። ያመጣላት ሹፌር መልእክትሽን ሳያጓድል ነገራት፦ "እማዬ፣ ለፎቶው አንገትሽን ሸፈን አድርጊበት።" ሻርፑን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ "ለምን ቀረች ካለችህ፣ ጉሮሮዋን ያማታል በላት" አለችኝ። ጉሮሮዋን አያማትም። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ማለቷ ነው።

ይህን ማስታወሻ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ለራሴ ነው የምጽፈው። የዚህን ሳምንት ግን ላንቺ እያልኩ እጽፋለሁ።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ። ንቅሳቱ ከየት እንደመጣና ማን እንደነቀሳት በሥርዓት ጽፌ ብልክልሽ ልብሽ ይመለሳል። ስለዚህ ነገ ወደ ተወለድንበት አገር፣ ወደ ቡሬ ገጠር እንሄዳለን። እናትሽን ያሳመንኳት "ጽዮን ማርያምን እዚያው እናንግሥ" ብዬ ነው።

የሚያዝ፦ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ ወፍራም ወረቀት፣ መነጽር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጃንጥላ (ለፀሐይ)።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20። ቡሬ ገጠር

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ከቡሬ በኋላ በእግር ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። እናትሽ ታላቅ እህቴ ሆና ሳለ ከፊቴ ትሄዳለች፤ እየቆመችም ታሾፍብኛለች። "ጠመኔ ብቻ ሲያነሣ የኖረ ሰው እግሩ እንዲህ ነው!"

ያረፍነው እማሆይ አንጓች ቤት ነው። በዚህ አገር የሴቱን ሁሉ አንገትና ድድ የነቀሱት እሳቸው ናቸው። አሁን መንኩሰዋል፤ ሥራውን ትተዋል። እናትሽን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩና አንገቷን አዩ።

"የኔ እጅ ነው። ይቺ የታችኛዋ ረድፍ ጠማማ ናት። ተነሥተሽ ሮጥሽብኝ።"

"ልጅ ነበርኩ እኮ፣ እማሆይ።"

"ልጅስ ነበርሽ። እርግጫሽ ግን የበቅሎ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጠየቅሁ፤ ጻፍኩ። ቀለሙ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ነው፤ በቅጠል ጭማቂ ይለወሳል። መውጊያው አንድ ላይ የታሰረ መርፌ ነው። ሲያብጥ ቅቤ ይቀባል። ቅርጹን ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው አላመነቱም።

"ከማርያም ቤተ ክርስቲያን። ግድግዳው ላይ ካለችው ሴትዮ። እሷን እያየን ነው የተማርነው።"

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥዕሉ የጥንት ነው ይባላል። ነገ በዓይኔ አየዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ሴትዮዋ የለችም።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆየሁ። ከዚያ ሕዝቡን እየገፋሁ የመቅደሱን ግድግዳ ደህና አድርጌ አየሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፤ ሰማዕታት አሉ፤ ስቅለቱ አለ። አንገቷ የተነቀሰ ሴት አላገኘሁም። እማሆይ አርጅተዋል፤ ተምታቶባቸው ይሆናል።

ማታ ለእናትሽ ነገርኳት። ቆሎ እየቆረጠመች ነበር፤ ትን አላት።

"የት ቆመህ ነው የፈለግኻት?"

"የምቆምበት ነዋ። በወንዶች በኩል።"

"ሴት ናት እኮ፣ መምህር! በወንዶች በኩል ምን ልትሠራ ትቆማለች?"

እውነቷን ነው። ክርስትና የተነሣሁት እዚያ ነው፤ በሴቶች በር ግን አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ወንድ ስለማይገባ በዚያ በኩል ሥዕል እንዳለ እንኳ አስቤ አላውቅም። ሴቶቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፊት ለፊቷ ቆመው ሲያስቀድሱ ኖረዋል። እናትሽና እማሆይ ሲስቁብኝ አመሹ። ስለ እማሆይ ከላይ የጻፍኩት ቀርቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ቄሰ ገበዙ ሰው በሌለበት ሰዓት በሴቶች በር አስገቡን። መጋረጃውን ገለጡት።

አለች። ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታለች፤ ፊቷን ግን ወደ ሰው መልሳለች። ነጠላዋ ወደ ኋላ ሸሽቷል። አንገቷን ንቅሳት ረድፍ በረድፍ ዞሮታል፤ ከሥሩ ትንንሽ መስቀሎች ተንጠልጥለዋል።

"ማን ናት፣ አባ?"

"ሥዕሉን ያሠራች ባለጸጋ ናት ይላሉ አባቶች። ስሟን በጣራው የገባ ዝናብ አጥቦታል። አንገቷ ግን ያው እንደሚያዩት ነው።"

ወረቀቴን ዘርግቼ ነደፍኩ። እናትሽ በትከሻዬ ላይ እያየች ታርመኛለች። "ሁለተኛው ረድፍ ጥርስ አለው። አስተውል እንጂ!" አጠፋሁ፤ ደገምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። "ይህን ለስመኝ እልክላታለሁ። ስታየው ይገባታል" አልኳት።

"አትላክላት።"

"ለምን?"

"ልጄ ታሪክ አልጎደላትም። ይህን አንገት አቅፋ ነው ያደገችው። አሁን ሰው እንዳያይባት ፈለገች። ታዲያ የግድግዳዋን ሴትዮ ምስክር ቆጥሬ ነው የልጄ ሠርግ የምገባው?"

ቄሰ ገበዙ መጋረጃውን መለሱት። እኔም ወረቀቴን ጠቀለልኩ።

ከሰዓት ቡሬ ስንገባ እናትሽ አንድ ሸማኔ ደጃፍ ቆመች። የተሰቀለ ጥለት በጣቷ ዳሰሰች።

"ለሠርግ ነው፣ እናቴ?" አላት።

"ለልጄ ሠርግ።"

"እንግዲያ ልጀምርልሻ!"

"ቆይ፣ ገና አልተጠራሁም" አለችው።

እሑድ፣ ኅዳር 23። ፍኖተ ሰላም

ትናንት ማታ ገባን። ጉልበቴ አብጧል። ንድፉ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ አልልክልሽም። እነዚህን ገጾች ግን እልካለሁ። እናትሽ ታውቃለች። "ላክ፤ ነገሬን ግን አታሳምርልኝ" ብላኛለች። አላሳመርኩም።

ክፉ ነሽ አላልኩም። የአማቾችሽ ቤት ምን ይል ይሆን ብለሽ ሠግተሽ ነው፤ ሙሽራ ብዙ ነገር ያሠጋታል። እኔ ግን ያልገባሽ ነገር ያለ መስሎኝ ላስተምርሽ ተነሣሁ። ትምህርት የሚፈታው ነገር አልነበረም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስለ ድግሱ ጠየቅኳት። "እህሉ አለ። ጌሾውም አለ" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እሺታ ይሁን እምቢታ ለይቼ መጻፍ አልቻልኩም።

ስለዚህ ለኔ ማብራሪያ አትጻፊልኝ። ለእሷ ደውዪላት። ከነአንገቷ የምትፈልጊያት ከሆነ በራስሽ አፍ ጥሪያት። የማትፈልጊያት ከሆነም በራስሽ አፍ ንገሪያት፤ ቁርጧን ትወቅ። ሞባይሏ ማታ ማታ ኔትወርክ ያገኛል፤ ከአጠገቧም አታርቀውም። የሠርግሽ ወር ጥር ሩቅ አይደለም። ስመኝ፣ ይህ እንደደረሰሽ፣ በዚያው ዕለት ደውዪላት።