እንጃ ያላለው ሰፈር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ታናሽ እህቴ ለክልሉ ምክር ቤት በግል እጩነት ተመዝግባለች። የምርጫ ቦርዱ ዛሬ ጠዋት ዝርዝሩን ለጠፈ።

ከሰሌዳው ላይ ነው ያወቅኩት፤ በሌላ ዘጋቢ ትከሻ ላይ አሻግሬ ሳነብ። ደወልኩላት። አዋላጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነበረች፤ ከጀርባዋ አራስ ልጅ ይጮኻል።

«እትዬ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ? ካሸነፍሽ በኋላ?»

«ቀደም ብዬ ብነግርሽ ቁጥር ታወጪብኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። በየምርጫው የጋዜጣችንን ትንበያ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ጠያቂዎች እልካለሁ፣ መልሱን እደምራለሁ፣ ማን ስንት ወንበር እንደሚያገኝ እጽፋለሁ። አሁን የእሷንም ልጽፍ ነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ዋና አዘጋጃችንን «ምላጭ» ነው የምንለው። እጁ ያረፈበት ጽሑፍ ግማሹ ይቀራል። ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ።

«የእህትሽን የምርጫ ክልል ከትንበያው እናውጣው?»

«አይውጣ። ሌሎች ይጠይቁ፣ ድምሩን አንተ እይልኝ።»

«ብትሸነፍስ?»

«ብትሸነፍ ትሸነፋለች።»

አፌ ነው እንዲህ ያለው። ሆዴ ሌላ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

የመጀመሪያው ዙር መልስ ገባ። በእሷ የምርጫ ክልል ከአሥር ሰው ስምንቱ «እሷን» ብሏል። ተፎካካሪዋ፣ ለሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ያስገቡት አዛውንት የምክር ቤት አባል፣ የቀረውን ይዘዋል።

ምላጭ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ጨበጠኝ። እኔ ግን ቅር አለኝ... ምን እንደሆነ ለማወቅ ከሰዓቱን ሙሉ ወሰደብኝ። «እንጃ» ያለ ሰው የለም። አንድም። በሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ «እንጃ»፣ «ምን አውቄ»፣ «ጊዜው ይድረስና» የሚል ሞልቷል። እንጃ የማይል ሰፈር በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ጠያቂያችንን አነጋገርኩት።

«ከየት ነህ ይሉኛል። ከጋዜጣው ስላቸው፣ 'ኦ፣ የትልቋ ባልደረባ! ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል' ይሉኛል። ከዚያማ ሳልጠይቃቸው ነው የሚመልሱት። አንዷ እናት፣ 'ለእህትየው ንገርልን፣ ሁላችንም ከእነሱ ጋር ነን' ብለውኛል።»

ይሉኝታ! ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ነው። ቤቱ የገባን ሰው ቅር ማሰኘት የማይሆንለት ሰፈር። እንዴት አላሰብኩትም?

ሥራውን ከሌላ ከተማ ለመጣች የጥናት ባለሙያ ሰጠን። እሷን የሚያውቃት የለም፣ እኛንም አታውቅም። ጥያቄውንም ቀየርነው። «ማንን ይመርጣሉ?» ቀረ። «ጎረቤቶችዎ ማንን የሚመርጡ ይመስልዎታል?» ሆነ። ሰው የራሱን ይደብቃል። የጎረቤቱን ግን ማን ይደብቃል?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ተገለበጠ። ከአሥሩ ስድስቱ ለአዛውንቱ፣ ሦስቱ ለእህቴ። አንዱ «እንጃ»። እንጃዋን ሳያት ደስ አለኝ።

እህቴ ግን የምታውቀው የፊተኛውን ወሬ ብቻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ገባሽ እኮ!» እያለ ልቧን ስለሞላው ቅስቀሳዋን ትታ ተቀምጣለች። ባለፈው እማዬ ቤት ምሳ ላይ፣ ምክር ቤት ስትገባ እንዴት እንደምትራመድ እያሳየች ስታስቀን ነበር...

ልንገራት? ሳይታተም ለእጩ መንገር አይሆንም። እህት ብትሆንስ? እህት ስለሆነች ነው የማይሆነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ታተመ። በትንበያችን ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የትኛውም ብቻውን መንግሥት አይመሠርትም፤ ሚዛኑን የሚደፉት ጥቂት የግል እጩዎች ናቸው። እህቴ ከእነሱ መካከል የለችም።

ምላጭ ዛሬ ከጽሑፌ አንድ ቃል አልቆረጠም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ደግነቱ ይሄ ነው።

ከምሳ በኋላ መልእክት ላከችልኝ። «አመሰግናለሁ እትዬ። ከጠላት ነበር የምጠብቀው።» ስደውልላት አታነሳም።

እሁድ፣ ሰኔ 1

እማዬ ቤት። እሷ አልመጣችም። ወንበሯ ባዶ... እማዬ ሳህን እያጠበች ጀመረችኝ።

«ልጄን በጋዜጣ ጣልሻት አሉ።»

«እኔ አይደለሁም የጣልኳት እማዬ። ሰፈሩ ነው።»

«ሰፈሩማ ምን ያድርግ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እሷ ስብሰባ ለስብሰባ ስትዞር እዚህ ማን ያዋልዳል? ያ ጤና ጣቢያ ያለ እሷ ግድግዳ ነው። ጠልተዋት መሰለሽ? እንዳያጧት ሳስተው ነው!»

 ማንን እንደሚመርጡ ጠየቅን፤ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ አንዳችንም አላሰብንም።

«አንቺስ እማዬ? ማንን ነው?»

«ተይኝ እስቲ፣ እጄ ሳሙና ነው።»

ስወጣ በሩ ላይ ደረሰችብኝ። «ለእሷ እኔ እነግራታለሁ። እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም።» አገላብጬ ሳምኳት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ቢሮ መጣች! ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ድምጿ ሰልሏል። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ውሃ ሳትጠይቀኝ አንስታ ጨለጠችው። ያኔ እንደታረቅን ገባኝ።

«ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። ምን ብዬ እንደምጠይቅ ገምቺ።»

«እንድትመርጡኝ...»

«አይደለም። 'ጎረቤትዎ ስለ እኔ ምን ይላሉ?'»

«ጥያቄዬን ሰረቅሽ!»

«የእናትሽ ልጅ አይደለሁ? ስሚ ደግሞ። አንዷ እርጉዝ ናት፣ መውለጃዋ ደርሷል። 'ጎረቤቴ፣ እሷንስ ማን ያዋልዳታል ትላለች' አለችኝ፣ ሆዷን ይዛ!»

ሳቃችንን የሰማው ምላጭ በሩን ገፋ አድርጎ አየንና መልሶ ዘጋው።

ምክር ቤቱ በማይሰበሰብበት ቀን ሁሉ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ፣ ከገባች ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሁለተኛ አዋላጅ እንዲቀጠር እንደሆነ ለሰፈሩ ነግራለች። ያመኗት አሉ፤ «እናያለን» ያሏትም አሉ። «እናያለን» ያሉትን ወደድኳቸው አለች። እኔም።

ልትወጣ ስትል ዞረች። «ያን ቀን የጻፍኩልሽን ልመልሰው።»

«የቱን? አመሰግናለሁ ያልሽውን?»

«እሱ ይቆይ። ቀጥሎ ያለውን።»

እሁድ፣ ሰኔ 15

ምርጫ። ሰልፉ የጤና ጣቢያውን አጥር ዞሮ እስከ መንገዱ ደርሷል። እማዬ ያንን የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ቀለም የነካ ጣቷን ከፍ አድርጋ ወጣች።

ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም። ሰው ስጠይቅ ኖሬ እናቴን መተው አቃተኝ ልል ነበር... አላቃተኝም። የእሷ ይቅርብኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ጊዜያዊ ውጤቱ ተለጠፈ። ከሁለቱ ፓርቲዎች የትኛውም ግማሹን አላገኘም፤ በዚያ ተሳክቶልናል። በእህቴ ወንበር ግን ትንበያዬ ከሽፏል። በጥቂት ድምፅ እየመራች ነው።

በሥራዬ ተሳስቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተመስገን።

አዛውንቱ የአንዱ ጣቢያ ድምፅ እንደገና ይቆጠርልኝ ብለው አመልክተዋል። መብታቸው ነው። እሷም ያንኑ ነው ያለችው፤ ቤታቸው ሄዳ ጨበጠቻቸው። «የልጅ ልጄን ያዋለደ እጅ ነው፣ አልጨብጥም አልልም» አሉ አሉ።

አመሻሽ ላይ ደወልኩላት። ሥራ ላይ ናት፤ ከጀርባዋ ሕፃን ይጮኻል።

«ያቺ ሴትዮ ናት፣ ጎረቤቷ የምታስብላት» አለችኝ። «ሴት ልጅ። በይ እትዬ፣ እጄ ሥራ ይዟል።»

እትዬ አለችኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ምላጭ ቦርሳዬን ሳነሳ አገኘኝ።

«ድጋሚ ቆጠራው ምን የሚያመጣ ይመስልሻል? ለነገ አንድ መስመር ስጪኝ።»

«እንጃ» አልኩት።

ቦርዱ ዓርብ ሰኔ 20 ረፋድ ላይ ያሳውቃል።