አምስተኛው ቀለበት

ጥር 14፣ ረቡዕ

ፋርማሲው ጭር ብሎ ዋለ። ከሰዓት አንድ ሽማግሌ የሳል ሽሮፕ ፈልገው ገቡ። ያለው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው... በርጩማዬን ስጎትት "ተይው ልጄ፣ እኔ ላውርደው" ብለው ባንኮኒውን ዞረው ገቡና አወረዱት። የራሴን ዕቃ ለራሴ! አመሰገንኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ከሥራ በኋላ ኢምፔሪያል፣ ዓለት መውጣት የምንለማመድበት ግድግዳ ያለበት መጋዘን። ረሆቦት ቀድማኝ ደርሳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዳችን የሌላችንን ገመድ ስንይዝ ኖረናል። እሷ አንድ ሜትር ከሰባ ሰባት፣ እኔ አንድ ከአርባ ዘጠኝ። አብረን ስንሳፈር የታክሲ ረዳት ሁሉ ይስቃል።

አሰልጣኛችን ሃይለኣብ ሰብስቦ ወሬ ነገረን። አንድ አስጎብኚ ድርጅት እንግዶችን ዓለት የሚያስወጡ ሁለት ሰዎች ይፈልጋል። የየረር ተራራን ልሙጥ ዓለት፣ እኛ ሰሌዳ የምንለውን፣ ሳይወድቅ፣ ያለ ማንም እርዳታ የወጣ ወረቀት ይሰጠዋል። ተፈታኞቹ ሦስት ነን፤ ረሆቦት፣ ቃልአብ፣ እኔ። ማን እንደሚቀር ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

የረር። ሰሌዳው ያው ነው... ዘንበል ያለ፣ ልሙጥ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሌለው ዓለት። ጫማሽ ከያዘ ቆምሽ፣ ከከዳሽ ሄድሽ። እስከ አራተኛው ቀለበት ደህና ነኝ። ገመድ የምናስርባቸውን የብረት ቀለበቶች ዓለቱ ላይ የመታቸው ሃይለኣብ ነው፣ በራሱ ቁመት ልክ። አምስተኛው ጋ ረጅም ሰው ትንሿ ጠርዝ ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፣ መንጠቆውን ይሰካል፣ ገመዱን ያስገባል፣ አለቀ። እኔ አንድ ክንድ ይጎድለኛል። ጠርዟን ለቅቄ ምንም በሌለበት ሦስት እርምጃ መራመድ አለብኝ። ያኔ ብወድቅ ገመዱ የሚይዘኝ ከአራተኛው ቀለበት በታች ነው...

ቆሜ ቀረሁ። "አውርዱኝ!"

ቃልአብ ሊያጽናናኝ "ሰሌዳ ላይ እኮ ቁመት ምንም አይደለም፣ ጨዋታው እግር ነው። እንዲያውም አጭር ሰው ይቀናዋል" አለ። ይህን የሚነግረኝ ሰው ሁልጊዜ ረጅም ነው።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደፈርኩ። አንድ እርምጃ... ሁለት... ጫማዬ ከዳኝ። ዓለቱን እየፋቅኩ ወረድኩ። ክርኔም ጉልበቴም ተልጧል።

እማዬ ቁስሉን እያጠበች "ልጅ ሆነሽ ወንድምሽ ተሻግሮሽ፣ መልሶ ሳይሻገርሽ ቀርቶ ነው ያላደግሽው" አለችኝ። ታዲያ ለምን አላስመለስሽውም? አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ተለካሁ። መቶ አርባ ስምንት ተኩል። ግማሿስ የት ሄደች?

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አለፍኩ!!!

ዛሬ ፈተናው ነበር። መጀመሪያ ቃልአብ ወጣ። አምስተኛውን እንደ ቀልድ አለፈው። ላይኛው ጋ ግን መርገጫዎቹ የተቀራረቡ ናቸው፣ ጉልበት እስከ ደረት መታጠፍ አለበት። ያ ሁሉ እግር መታጠፊያ አጣ፣ ወደ ኋላ ገፋው፣ ወደቀ። ቀጥላ ረሆቦት ወጣች፣ ሳትወድቅ ጨረሰች። እኔ መጨረሻ።

አምስተኛው ቀለበት ላይ ሐምራዊ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው፣ ከጠርዟ ሆኜ እደርስበታለሁ። የረሆቦት ነው። ረስታው ነው አልኩ ለራሴ። ገመዴን አስገባሁ። ገመድ በላዬ ካለ ምን ያስፈራል? ሦስቱን እርምጃ ተራመድኳቸው። ላይኛው ደግሞ ለእኔ እንደ ደረጃ ነበር።

ሁሉም አጨበጨቡ። ነገ ቅበላ ስለሆነ አትላስ ሄደን ጥብስ በላን። ቃልአብ ራሱ አጎረሰኝ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ረሆቦት በሦስት ዓመት ውስጥ ዕቃ ረስታ ታውቃለች? አንድ ቀን እንኳ?

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሃያ ሁለት፣ ካፌ። ጠየቅኳት።

"ረስተሽው ነው?"

የስኳሩን ዕቃ ወደ እኔ ገፋችው።

"ረሆቦት!"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ቆሜ ስትወድቂ ልይ?"

"ሃይለኣብ አይቷል?"

"ሁሉም አይተዋል እኮ። ሃይለኣብም 'ተዉአት፣ ስትለፋ ነው የከረመችው' አለ።"

"ቃልአብስ?"

ሻዩን ታማስላለች።

አይቷል። አይቶ አጨበጨበ፣ አይቶ አጎረሰኝ። ይሉኝታ ይዞት። እኔም እኮ አይቻለሁ... ታዲያ ማንን እወቅሳለሁ?

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከድርጅቱ ጋር ተፈራረምኩ። የፋርማሲውን ቁልፍ አስረከብኩ። እማዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ልመልሰው ብዬ ሦስቴ ስልክ አነሳሁ፣ ሦስቴም አስቀመጥኩ። ቃልአብ "እንኳን ደስ አለሽ" ብሎ ጽፎልኛል። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ?

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ከረሆቦት ጋር ብቻችንን የረር ሄድን። ያለ ማሰሪያ። አንዴ ብወጣው ወረቀቱ የእኔ ይሆናል ብዬ ነበር። አራት ጊዜ ሞከርኩ። አራቴም ከጠርዟ አልተነሳሁም።

ረሆቦት አለቀሰች። "እኔ ነኝ የበደልኩሽ" አለች። አባበልኳት? አላባበልኳትም። ቁመቴ ነው ወይስ ፍርሃቴ? ድሮ አውቀው ነበር፣ ቁመቴ ነበር። አሁን እሱም ጠፋብኝ። ደከመኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያ እንግዶቻችን። አራት የባንክ ሠራተኞች። አንዷ፣ ሣባ የምትባል፣ ከእኔም ታንሳለች። ወገቧ ላይ ገመድ ሳስርላት ሰሌዳውን ሽቅብ አየችና "አንቺ እንዴት አለፍሽው? ንገሪኝ እስቲ፣ እኔም አጭር ነኝ" አለችኝ።

ሃይለኣብ ቀና አለ። ረሆቦት ጫማዋን ማሰር ተወች።

"አላለፍኩትም" አልኳት። "አዝነውልኝ ነው ያሳለፉኝ።"

ሃይለኣብ ወደ ጎን ወሰደኝ። "ምን ነካሽ ምንትዋብ? በእንግዳ ፊት?" ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ለቃልአብ ደውልለት አልኩት። "እስክንጨርስ ያዢው" አለ። ስንጨርስ ተቀበለኝ፣ ሳያየኝ። ፋርማሲው በእኔ ቦታ ሰው ቀጥሯል። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም።

ከዚያ በፊት ግን ሣባ ወጣች። ገመዷ ከላይ የታሰረ ነው፣ ብትወድቅም አትጎዳም። ጠርዟ ላይ ደረሰችና ቆመች። ያቺው ቦታ። እጇን ዘረጋች፣ የሚያዝ ነገር የለም። ገመዷን ከታች የያዝኩት እኔ ነኝ።

"አሁንስ? ምን ላድርግ?" ብላ ጮኸች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አላውቅም!" አልኳት። "እኔ የማውቀው እስከዚያ ድረስ ነው!"